ፌስታል፣ ፖፖ እና አባ ኮዳ

(ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬ፣ የደጋገምኩትን ቀንሼ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ልጅ አልብሶ፣ አብልቶ፣ ጫማ ፈልጎ እዚህ መድረስ ራሱ ትንሽ የውጭ አገር ጉዞ ነው። ስለዚህ ግማሹን ታውቁታላችሁ ማለት ነው።

እዚህ የቆምኩት የጉዞ አዋቂ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ክረምት የሦስት ዓመት ተኩል ልጄን ብቻዬን ይዤ ናይሮቢ ሄጄ ስለመጣሁ ነው። ባለቤቴ እዚያ ለሥራ ሥልጠና ሁለት ወር ተልካ ነበር። ሚጡ መጀመሪያ ሰሞን ዝም አለች። በሦስተኛው ሳምንት የእናቷን ነጠላ አልጋዋ ውስጥ ይዛ መተኛት ጀመረች። ነጠላውን ሳይ ቲኬት ቆረጥኩ። ስምንት ቀን ቆይተን ተመለስን። ይህን የሰማች መምህርቷ «ለወላጆቹ ንገርልን» አለችኝ፤ ይኸው መጣሁ።

እንደምሄድ ስናገር ሰፈሩ በሙሉ ያለኝ አንድ ነገር ነው። «ምን ያደርግላታል? አታስታውሰው! ስታድግ ውሰዳት።» እናቴ ደግሞ ጨከን አለች። «ብሩን ሐይቁ ውስጥ ብትጥለው ይሻልሃል፤ ቢያንስ ሲረጭ ታያለህ» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። ግን እናወራበታለን።

መጀመሪያ ወረቀት። ይቅርታ፣ አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰው የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። በእኔ ፓስፖርት መጨረሻ ላይ ያለው የአያቴ ስም ነው። በሚጡ መጨረሻ ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው። የባለቤቴማ ጭራሽ ሌላ ነው። ለእኛ ይህ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው፤ ማንም አይጠይቅም። ለውጭ አገር ሰው ግን ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ነን። ናይሮቢ አየር ማረፊያ የተቀበለችን ሠራተኛ ሁለቱን ፓስፖርት ጎን ለጎን ዘርግታ አየች። እኔን አየች። ልጅቷን አየች። «እናቷ የት ናት?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። የልደት ምስክር ወረቀቷን ከእንግሊዝኛው ጋር አወጣሁ። ባለቤቴ ከመሄዷ በፊት ሰነድ ማረጋገጫ ሄዳ የፈረመችውን የፈቃድ ወረቀትም አወጣሁ። («ብትናፍቁኝስ?» ብላ ያኔውኑ ጨርሳው ነበር። አስቀድማ የምታስብ እሷ ናት፤ እኔ ዝናብ ሲጥል ነው ጃንጥላ የምፈልገው።)

ሠራተኛዋ ወረቀቱን እያነበበች ሳለ ሚጡ እግሬ ሥር ተደብቃ «አባዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለች። ሴትዮዋ ቀና ብላ ሳቀች። ለካ በስዋሂሊ አባት «ባባ» ነው። ማኅተሙን ጠብ አደረገችው። እንግዲህ ወረቀቱ ነው ያሳለፈን ወይስ ሽንቷ፣ እስካሁን አላወቅሁም። እናንተ ግን ወረቀቱን ያዙ። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ የዛሬ ልጆች ቀበሌ ሄዶ ማውጣት ነው፤ የሚከብደው መተርጎሙና ማረጋገጡ ነው። ለጉዞው ሳምንት ሲቀረው አትጀምሩት።

ለኬንያ እኛ ቪዛ አያስፈልገንም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያስፈልጋል፤ ዓመት የሞላው ልጅም ይጠየቃል። ቢጫ ወባ ከምናውቃት ወባ ጋር ስም ነው እንጂ በሽታው አንድ አይደለም። ይኼኛው ቫይረስ ነው፣ ክትባትም አለው። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ይሰጣል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

አንዲት ነገር ስለ ዕድሜ። አየር መንገድ ልጅን የሚቆጥረው በሚበርበት ቀን ባለው ዕድሜው ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ጭን ላይ ይሄዳል፤ የሚከፈልለትም የአዋቂውን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ሁለት ከሞላ የራሱ ወንበር ግድ ነው። ጎረቤታችን ልጇ እዚያው እያሉ ሁለት ዓመት ሞላው። ሲሄዱ ጭን፣ ሲመለሱ ወንበር። ልደቱን የምታስበው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ የፈረንጁ ቀን የት እንደሚውል አላሰላችውም ነበር። የመመለሻውን ዋጋ ስትሰማ ያለችውን እዚህ ልጆች ስላሉ አልደግመውም።

አሁን ወደ ሻንጣው።

እኔ ሳሽግ እንደማንኛውም የሐዋሳ አባት ነው ያሸግሁት። በፌስታል። ካልሲ በአንድ ፌስታል። የውስጥ ልብስ በአንድ። ዳቦ ቆሎ በአንድ፣ ያ ፌስታል እንዳይቀደድ ደግሞ በሌላ። አዲስ አበባ እህቴ ቤት አደርን። ማታ ባለቤቴ ስትደውል «ፌስታል እንዳታመጣ» አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ፌስታልን በሕግ ከልክላለች። መሥራት፣ መሸጥ፣ መያዝ ክልክል ነው። መንገደኛም አየር ማረፊያው ላይ ትቶ እንዲገባ ይጠየቃል። ሻንጣውን ከፈትኩና ቆጠርኩ። 14 ፌስታል! እህቴ ሌሊት የትራስ ልብሶቿን አውጥታ ሰጠችኝ። ሚጡ ናይሮቢ የገባችው ካልሲዋን በአበባ በተጠለፈ የትራስ ልብስ ይዛ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ በፌስታል አሽጌ አላውቅም። የትራስ ልብስ አይንኮሻኮሽም፤ ልጅ ተኝቶ ሌሊት ልብስ ስትፈልጉ የዚህ ጥቅም ይገባችኋል።

ከሻንጣው ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝን ልንገራችሁ? ፖፖ። አዎ፣ ፖፖ። የሴት ልጅ አባት ብቻውን ሲጓዝ ያለበትን ጣጣ እናቶች አታውቁትም። የወንዶች መጸዳጃ ቤት ላስገባት? ይከብዳል። የሴቶቹ በር ላይ ልቁም? ይብሳል። ፖፖዋን ይዤ አንድ ጥግ ፈልጌ እገላገላለሁ። ባለቤቴ «ሻንጣ ውስጥ ፖፖ ይዘህ?» ብላ ስቃብኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ፖፖውን ይዘኸዋል?» ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ሆነች።

የልጅ ጋሪ ግን ተውኩት። አልጸጸትም። የናይሮቢ የእግረኛ መንገድ አንዱ ጋ ጥሩ ነው፤ ከመቶ እርምጃ በኋላ ያልቅና ጉድጓድ ነው። ማዘያ ይዤ ነበር። ስትደክም አዘልኳት። እዚህ ፒያሳ ላይ ልጅ አዝዬ ብሄድ ነገ ጠዋት ወሬው እናቴ ጋ ይደርሳል። እዚያ ግን ማን ያውቀኛል? ወንድ አዝሎ ሲሄድ ኬንያውያንም ፈገግ ይላሉ፤ ለእኔ ግን ፈገግታው ምንም አልከበደኝም።

መንገዱን በተመለከተ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ያማረኝ በመኪና መሄድ ነበር። ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ በደጃችን ነው የሚያልፈው። በዲላ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ፣ ከዚያ በቀጥታ ቁልቁል። ግን ከሞያሌ ናይሮቢ ብቻ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር የሚሞከር አይደለም። ለማንኛውም ሚጡ ቦሌም ሳንደርስ፣ ገና አርሲ ነገሌ ላይ አስመለሳት። ለአውሮፕላኑ የተዘጋጀው ቅያሪ ልብስ እዚያው አለቀ። ቅያሪውን በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ለራሳችሁም ጭምር። እኔ ለራሴ አልያዝኩም ነበር። ይበቃል።

በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሲነሳ ምንም አላለችም። ሲወርድ ነው የከፋው። «ጆሮዬ ውስጥ ሰው ገባ» ብላ አለቀሰች። መውረድ ሲጀምር ልጅ የሚውጠው ነገር መስጠት ነው። የሚጠባ ከሆነ ጡት፣ ከፍ ካለ ውኃ በመምጠጫ። መዋጡ ጆሮውን ይከፍተዋል። ደግሞ የአውሮፕላን ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንሽ ልጅ አትስጡ፣ ትን ይላል። አየሩ ላይ ሆኖ ትን ያለው ልጅ ይዞ መሮጫ የለም።

ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ ስንሄድ፣ ሞምባሳ መንገድ የሚሉት ላይ፣ መኪናው ተጨናንቆ ቆምን። ሚጡ በመስኮቱ ሽቅብ አየችና ጮኸች። «አባ ኮዳ! አባዬ፣ የእኛ አባ ኮዳ!» ያ ራሰ በራው ትልቅ ወፍ። እውነቷን ነው። ኒያዮ ስታዲየም አካባቢ ያሉት ግራሮች ላይ አባ ኮዳዎች ጎጆ ሠርተው ይኖራሉ። ያው እዚህ ሐይቃችን ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሽማግሌ መስለው የሚቆሙት። «በምን መጣ?» አለችኝ። «በክንፉ» አልኳት። አሰበችና «ጆሮውን አላመመውም?» አለች።

አሁን የምነግራችሁን ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ስሙኝ። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። ኬንያ በግራ ነው። ይህን ከመሄዴ በፊት አውቃለሁ። ማወቅ ግን እግር ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው ቀን ሚጡን እጇን ይዤ መንገድ ልሻገር ቆምኩ። እዚህ ለባጃጁ እንዳስለመድኳት ግራዬን አየሁ። ባዶ ነው። እግሬን አነሳሁ። ከቀኜ ቦዳ ቦዳ፣ ማለት የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ሽው ብሎ ከፊታችን አለፈ። ነፋሱ ቀሚሷን አነሳው። አንዲት ሴት ከኋላ ትከሻዬን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችኝና የሆነ ነገር ተናገረችኝ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ስድብ እንደሆነ ግን ገብቶኛል፤ ይገባኛልም።

ያን ቀን ማታ ቀይ ክር ገዝቼ ቀኝ እጇ ላይ አሰርኩላት። «መጀመሪያ ክሩ ወዳለበት እናያለን።» ጨዋታ ሆነ። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰኝ እሷ ነበረች። «አባዬ፣ ክሩ!» ትለኛለች። ክሩን ቦሌ ስንገባ በጠስኩት። እዚህ መጥታ በክሩ ብትሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ደስ የሚለው ሰዓታቸው ነው። የጊዜ ልዩነት የለንም፤ ስለዚህ የልጅ እንቅልፍ አይዛባም። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት፤ ሩቅ አገር የሄዱ ወዳጆቻችን ልጃቸው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቁርስ እየጠየቀ ሳምንት ሙሉ አላስተኛቸውም። ደግሞ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደኛ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት «ሳ ሞጃ» ነው፤ «ሞጃ» አንድ ማለት ነው። «ሳ ታቱ» 3 ሰዓት። በእንግሊዝኛ ስታወሩ ግን እንደ ፈረንጁ ነው። ሹፌራችን በእንግሊዝኛ «ሦስት» ሲለኝ ጠዋት መስሎኝ ልጅ አልብሼ ግቢ ቆሜ፣ ለካ ከሰዓት 9 ሰዓት ማለቱ ነው።

ስለ እቅድ ደግሞ። እኔ እቅድ ነበረኝ። በወረቀት፣ በቀን ሦስት ቦታ። ሼልድሪክ የሚባል የወላጅ አልባ ዝሆኖች ማሳደጊያ አለ፤ ሕዝብ የሚገባው በቀን አንዴ፣ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ተመዘገብን። መንገድ ላይ ተጨናነቅን። ሚጡ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። በሩ ላይ ስንደርስ ቀሰቀስኳት። ያ ትልቁ ስህተቴ ነው! ያለቀሰችው ለቅሶ ዝሆኖቹን ያስበረግጋል ብዬ መልሼ ወጣሁ። አንድ ዝሆን ሳናይ ተመለስን።

በማግስቱ ቀጭኔ ማዕከል። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ቀጭኔዎችን ሲንከባከብ የቆየ ድርጅት ነው ያቋቋመው። ከፍ ያለ ሰገነት ላይ ቆማችሁ ቀጭኔ በእጃችሁ ታበላላችሁ። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። ሚጡ ያ ጥቁር ምላስ ሲመጣባት ቀሚሷን ፊቷ ላይ ገልብጣ ተቀመጠች። የወደደችው ምን መሰላችሁ? ከሰገነቱ ሥር የሚንጎራደደውን ከርከሮ። ግማሽ ሰዓት በሆዷ ተኝታ በእንጨቱ ክፍተት አየችው። የመግቢያ ከፍዬ ከርከሮ!

ያኔ ወረቀቱን ቀደድኩት። በቀን አንድ ቦታ ብቻ አልኩ። ካሩራ ጫካ ሄድን። ከ1,000 ሄክታር በላይ የሆነ ጫካ ነው፣ ከተማው መሃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባለሀብቶች ሊገነቡበት ሲሉ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ተደብድባም ቢሆን ያስጣለችው ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘችው። ውስጡ ፏፏቴ አለ። እኔ ፏፏቴውን ልናይ ነው። ከበሩ ብዙም ሳንርቅ ሚጡ የጉንዳን ሰልፍ አገኘች። ተቀመጠች። እኔም ተቀመጥኩ። ባለቤቴም መጥታ ተቀመጠች። ጉንዳኖቹ አንድ የሞተ አንበጣ ተሸክመው ነበር። አንድ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ያስቀምጡታል፣ ይከራከራሉ፣ ይዞራሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ባለቤቴ ትከሻዬ ላይ ጭንቅላቷን አሳርፋ «እዚህ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ቁጭ ብዬ አላውቅም» አለችኝ። ፏፏቴውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ምግብ ቶሎ ልለፈው። ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣና ማንዳዚ የሚሉትን የእነሱን ብስኩት ያለ ችግር ትበላለች። ሻያቸው ከወተት ጋር የፈላ ስለሆነ ወደደችው። ኡጋሊ ሲቀርብላት ግን መሃሉን በጣቷ ቆፈረች። «ቅቤው የታለ?» ገንፎ መስሏታል። አሳላፊው ምን እንደምትፈልግ ሲገባው ከት ብሎ ሳቀና ቅቤ አመጣላት። በርበሬ ቢኖረው ኖሮ ደግሞ ያመጣላት ነበር።

ሹሩባዋ በአራተኛው ቀን ተፈታ። እኔ መሥራት አልችልም፤ ባለቤቴ ሥልጠና ላይ ናት። ያረፍንበት ሰፈር ያለች አንዲት ፀጉር ሠሪ በቀለም በቀለም ጨሌ ሠራችላት። ስትስባት ሚጡ «ኡህ» ስትል ሴትዮዋ «ፖሌ፣ ፖሌ» ትላለች። ልጅ ሲወድቅም፣ ሲያለቅስም ሰዉ ሁሉ «ፖሌ» ነው። ልክ እኛ «እኔን!» እንደምንለው። ሐዋሳ ከተመለስን በኋላ ጨሌው እንዳይፈታ አንድ ወር ከእናቷ ጋር ተጣልታለች።

አንድ ሌሊት ትኩሳት ያዛት። 38.6። ቴርሞሜትርና የትኩሳት ሽሮፕ ይዘን ነበር። ጠዋት ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ጉንፋን ነው ሊል ሲል «የመጣነው ሐዋሳ ነው፣ ወባ አለ» አልኩት። ናይሮቢ ከፍ ያለ አገር ስለሆነ ወባ ቶሎ አይታሰባቸውም። ወባ ደግሞ ትንኟ ከነከሰች ቢያንስ ሳምንት ካልሆነው አይታይም። ናይሮቢ በገባን በሦስተኛ ቀኑ የመጣ ትኩሳት ወባ ከሆነ ከቤት የተያዘ ነው ማለት ነው። ደሟን አዩ። ወባ አልነበረም፣ ጉሮሮዋ ነበር። ግን ከየት እንደመጣችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ስትመለሱም እንደዚያው፣ የት ሄዳችሁ እንደነበር ለእዚህ አገር ሐኪም ንገሩ።

ደግሞ ሐምሌ ውስጥ ናይሮቢ ይበርዳል። የሐዋሳ ልጅ በቲሸርት አትውሰዱ። ይኸው ነው።

(ንግግሩ እዚህ አለቀ። ጥያቄ ሲከፈት ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አያት እጃቸውን አነሱ።)

«ልጄ፣ ደግ ተናገርክ» አሉኝ። «ግን ልጅቷ ምን አስታወሰች?»

አዳራሹ ሳቀ። እናቴ ተደብቃ የመጣች መስሎኝ ነበር። «እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ጠይቄያት ነበር» አልኳቸው። «ናይሮቢ ምን ነበረ? ስላት፣ አባ ኮዳ አለችኝ። ቀጭኔው የለም፣ አውሮፕላኑ የለም። ጉንዳኖቹም የሉም። ጉንዳኖቹን የማስታውሰው እኔና እናቷ ነን።»

«ታዲያ አባ ኮዳ ለማየት ነው እስከዚያ የተሄደው?» አሉ እማማ። አሁን የሳቁት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እኔም ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ከሰዓት በኋላ ሚጡን አሞራ ገደል ወሰድኳት። ጀልባዎቹ ገብተዋል፤ ልጆቹ ቆሮሶ እየገፈፉ አንጀቱን ይወረውራሉ። አንድ ትልቅ አባ ኮዳ ከሌሎቹ ተለይቶ አንገቱን ሰብሮ ቆሟል። እጄን ለቀቀችና ሁለት እርምጃ ቀረበችው። ጨሌዋ ከተፈታ ቆይቷል፤ ራሷን ግን እንደዚያው ዘንበል ታደርጋለች።

«መቼ መጣህ?» አለችው።